አሥር ሰው የምትጭን ጀልባ

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ደሃ ነህ፣ ባላገር ነህ፣ ልብስህ አድፏል ሳይባል ሁሉም ገብቶ ይብላበት ተብሎ የተሠራ ነው። ንጉሡ ካለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ አዳራሹ ግን እስከ ዛሬ የደሴን እናቶች ሒሳብ ያዛባል። ልጇን የምትድር እናት የጠራችው ይመጣል፣ ያልጠራችውም ይመጣል፣ ያልመጣ ካለ ድርሻው በሳህን ተከድኖ ይላክለታል። እንዲህ ባለ አገር ቆሞ «ጀልባዋ የምትጭነው አሥር ሰው ብቻ ነው» ማለት ከባድ ንግግር ነው። እኔ ተናግሬዋለሁ። ገንዘብ ያዥ ስለነበርኩ ሌላ የሚናገርልኝ አልተገኘም።

የጀልባውን ሐሳብ ያመጣችው ለሰርጉ ከአሜሪካ የገባችው የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ናት። እሷ ባለችበት አገር ሙሽራ ከሰርጓ በፊት ሴት ጓደኞቿን ይዛ አንድ ቀን ትጠፋለች። ወንድ የለም፣ እናት የለችም፣ አማት የለችም። ባለ ሸራ ጀልባ ይከራያሉ፤ ሙሽራዋ የላስቲክ ዘውድ ደፍታ ጫፉ ላይ ትቀመጣለች፤ ጓደኞቿ ዙሪያዋን ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቪዲዮውን በስልኳ አሳየችን። ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ሸራው ነጭ ነው፣ ሴቶቹ ደግሞ ምንም ሥራ የላቸውም። ያስቀናን ውሃውም ሸራውም አልነበረም። ሰርጓ ሳምንት ቀርቶት እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ሴት ደሴ ውስጥ ታይታ አታውቅም።

በማግስቱ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ስሙ «ቲም ብራይድ» ተባለ። የመሥሪያ ቤታችንን ዕቁብ የምሰበስበው እኔ ስለሆንኩ፣ በቤተሰባችን ብር የሚዋጣበት ነገር ሲመጣ ስሜ ሳልጠየቅ ይጻፋል። መዋጮው በቴሌብር መግባት ጀመረ። ቀኑም ቦታውም ጀልባውም ሳይታወቅ ብሩ ገባ። ደሴ ለሰርግ ሲሆን እንዲህ ናት።

ቀን መቁረጥ ብቻውን ሁለት ቀን ፈጀ። የ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን የሚገባ ሲሆን ረመዷንም በዚያው ሳምንት ነበር የሚጀምረው። ሁለቱ ጾሞች እንዲህ ተከታትለው ሲመጡ ደሴና ኮምቦልቻ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለውን ሰርግ ሁሉ ጥር ውስጥ ያጭቀዋል። ድንኳን በወረፋ ነው፣ ወንበር በወረፋ ነው፣ ወጥ ሠሪዋ እንደ ሚኒስትር በቀጠሮ ነው የምትገኘው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ሰኞና ሐሙስ ከሚዜዎቹ አንዷ የሱና ጾም አላት። ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሰው ሰርግ ላይ ነን። የተረፈው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ለመቅረት ለየመሥሪያ ቤታችን ምን ብለን እንደጻፍን እዚህ አልዘረዝርም።

ከዚያ ውሃው መጣ። አንዷ ጣና አለች። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጀልባውም ሞልቷል። ነገር ግን ዛሬ ጉዞ ሲታሰብ ከርቀቱም ከታሪፉም በፊት የሚጠየቀው «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ሦስት ሰው ብትጠይቁ አራት መልስ ታገኛላችሁ። ሌላዋ ቢሾፍቱን አነሣች። ለአንድ ቀን ሽርሽር 400 ኪሎ ሜትር ወርዶ አዲስ አበባን ማለፍ ነው፤ ከዚያ ሙሽራዋ ለሰርጓ ትመለሳለች ወይ የሚለውን ከሚዜዎቹ አንዷ ጠየቀች። በመጨረሻ የአሜሪካዋ ልጅ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ ከደሴ ወደ ላይ ባለች ሰማያዊ ነጠብጣብ ላይ ጣቷን አሳረፈችና «ይቺስ ምንድን ናት?» አለች።

ሐይቅ ነበር። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን፣ ዓሣ በልተን፣ እጃችንን ታጥበን የምንመለስበት የተሁለደሬው ሐይቅ። ልጅ ሆነን በትምህርት ቤት ሽርሽር የሄድንበት፣ ለዓሣ ጥብስ ካልሆነ ትዝ የማይለን። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ጣቱን ካላሳረፈበት በቀር የደጃችን ነገር አይታየንም፤ ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው።

ከሙሽራዋ ጓደኞች አንዷ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ለማስተማር ብላ ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ ጣና ያን ሁሉ ስፋት ይዞ ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሞላ ነው፤ የኛ ሐይቅ ግን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ወደ ታች ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያች ሌሊት ሦስት ሰው ከግሩፑ ወጣ። ዋና የሚችል ማን አለ ተብሎ ሲጠየቅ እጅ ያወጣችው የአሜሪካዋ ብቻ ናት። ደሴ ጦሳ ሥር የተለጠፈች ከተማ ናት፤ እኛ ከልጅነታችን የሠለጠንነው ዳገት በመውጣት ነው። የወጡት ሦስቱ በማግስቱ ተመለሱ፤ መዋጮ አንመልስም ስላልኩ ነው።

ለመሆኑ ባለ ሸራ ጀልባ አለ ወይ? የለም። ሐይቅ ላይ ያለው በመቅዘፊያና በሞተር የሚሄድ ነው። የሸራ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ የሚከነክነኝ አለ። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ የሚሄደው በሰው ክንድ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ዳር አውጥተው ያደርቁታል። ያው የጣና ውሃ ዓባይ ተብሎ አገር አቋርጦ አስዋን ሲደርስ ግን ፈሉካ የሚባሉ፣ ሦስት ማዕዘን ነጭ ሸራ የወጠሩ ጀልባዎች ይሞሉበትና ቱሪስት ያንሸራሽሩበታል። እዚያ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ስለሚነፍስ ሽቅብ በሸራ ይወጣል፣ ቁልቁል በወራጁ ይወረዳል። አገር ቤት ሳለ በክንድ ሲገፋ የኖረ ውሃ ውጭ ሲወጣ ሸራ ይለብሳል። ይህን ስናገር የአክስቲቱን ልጅ አየት አደረግኳት፤ አልገባትም።

እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ሸራ ማሰፋት እንችላለን አለች። ሸራ ከተባለ ኮምቦልቻ ነው፤ በባቲ በኩል ወደ ወደቡ የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ የሚያርፍባት ከተማ ናት። የሙሽራው እህት ወደ አንድ ሸራ ሰፊ ሄደች።

«ለአይሱዙ ነው ለሲኖትራክ?» አላት።

«ለጀልባ ነው።»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና «ሞዴሏ ስንት ነው?» አላት።

ነጭ ሸራ እንደሌለው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ እንደቀረው፣ ቢጨመርለት ግን የድርጅታችንን ስም በትልቁ ሊጽፍበት እንደሚችል ነገራት። የምንነግደው ነገር የለም ስትለው አዘነ።

የአሜሪካዋ ልጅ በዚህ መሐል የሸራ ጀልባ እንዴት እንደሚነዳ አስረዳችን። ለካስ ጀልባው ነፋሱን ፊት ለፊት ሰንጥቆ መሄድ አይችልም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ ልክ እንደ ሐረጎ መንገድ ተጠማዝዞ ነው የሚወጣው። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ስንመላለስ ያደግነው በዚያ ነው። ችግሩ፣ በየመጠምዘዣው ሸራውን የያዘው አግዳሚ እንጨት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል፤ የተሳፈረው ሁሉ በአንድ ጊዜ አንገቱን መድፋት አለበት። ሙሽራዋ በዚያ ቀን የሰርጉን የፀጉር ሥራ ለሙከራ ተሠርታ ነው የምትመጣው። ፀጉር ሠሪዋ ቁመቱን በእጇ አሳየችን። አንገት ቢደፋም እንጨቱ ከፀጉሩ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ነገሩን የቋጨው ባለ ጀልባው ነው። በስልክ ሁሉንም በትዕግሥት ከሰማ በኋላ «እህቶቼ፣ በሸራ ከሆነ የሚወስዳችሁ ነፋሱ ወደፈለገው ነው። በሞተር ከሆነ እኔ ወደፈለግሁት ነው። እኔን ስልኬ ላይ ታገኙኛላችሁ» አለ። ሸራው ቆሞ ፎቶ እስኪነሣ ድረስ ብቻ እንዲሰቀል፣ ጉዞው ግን በሞተር እንዲሆን ተወሰነ። ዲኮር የምትሠራው ልጅ ከሙሽራ መድረክ መጋረጃዋ ነጩን ልታበድረን ተስማማች።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቶች አያውቁም ብለን ነበር። ቲሸርቱ አጋለጠን። ደረቱ ላይ «ቲም ብራይድ» የተጻፈበት ቲሸርት ከማተሚያ ቤት ሲመጣ የተረከቡት የሙሽራዋ እናት ናቸው፤ ቆጠሩት፣ ለእርሳቸው የሚሆን ቁጥር እንደሌለበትም አዩ። ወዲያው ቡና ተጠራ። ዕጣኑ ጨሰ፣ ፈንድሻው ቀረበ፣ ትልቋ አክስት ምርቃቱን አወረዱና ከአቦሉ በኋላ «እስቲ ይሄ ጀልባ የሚባለውን ንገሩኝ» አሉ። ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ የሐይቁን ተረት አወሩልን፤ አብዛኞቻችን እዚሁ እየኖርን ሰምተነው አናውቅም።

በዚያ ቦታ ድሮ ውሃ አልነበረም ይባላል። አንዲት ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት በደለቻት። እግዚአብሔር ተቆጣና ሴትዮዋ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነጓደኞቿ ከነዘመዶቿ ሰጠመች። ሴትዮዋ የተቀመጠችባት መሬት ደሴት ሆና ቀረች፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዛ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ናት።

አክስት ስኒያቸውን አስቀመጡና «ከነጓደኞቿ» አሉ ደግመው፣ ሚዜዎቹን አንድ በአንድ እያዩ። «ያ ዘውድ የምትሉት ይቅር።»

«እትዬ፣ ላስቲክ እኮ ነው!» አለች የአሜሪካዋ።

«ውሃው በምን ያውቃል?»

ዘውዱ ቀረ። እኔ በበኩሌ አክስት እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ሐይቁ ዘውድ ስለደፉ ሴቶች ያለው ታሪክ አንድ ነው፤ እሱም ጥሩ አይደለም።

ገዳሙም የራሱ ጉዳይ ነበረው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት፣ ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ሲነግሥ ከፍ ያለ ክብር ያገኘ ገዳም ነው። ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም አትገባም። እኛም የመግባት ሐሳብ አልነበረንም፤ ግን ስፒከር የጫነች ጀልባ ሙሉ ሴት በገዳሙ ሥር ስታልፍ ምን ይባላል? ባለ ጀልባው መላ ነበረው። በዚያ በኩል ሲደርስ ሙዚቃው ይጠፋል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። ታዲያ የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቁ ማለት ነው። ፕሮግራማችን ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ገና ሚኒባስ እንደሚጠበቅ ሳስብ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ የሚያስፈልገን ይሄ ማዕረግ ብቻ ነው ብዬ ነበር።

ምግቡ ግን ማንም ባላሰበው መንገድ ቀለለ። ወሎ ውስጥ ድግስ የደገሰ ያውቀዋል፦ ሁለት በሬ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ዳስ፣ ሁለት ወጥ። የክርስቲያኑ ሥጋና የሙስሊሙ ሥጋ አይገናኙም፤ ሰዎቹ ግን አይለያዩም፤ የወሎ ባለ ድግስ ጥበብ በዚህ መሐል ነው። ጀልባ ላይ ይሄን እንዴት እናደርገዋለን ብለን ስንጨነቅ ከሚዜዎቹ አንዷ «ዓሣ አይታረድም እኮ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ቆሮሶው ካለበት ውሃ ላይ ተቀምጦ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ! ቢስሚላህም በስመ አብም ተብሎ ከአንድ ትሪ ይበላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም ማክሰኞ ስለሆነ አይነሣም። ለመጠጡ ብርዝና ቀሪቦ ይያዛል፤ ቢራ የሚፈልጉት ደግሞ የኮምቦልቻ ልጆች ስለሆኑ ከፋብሪካው ደጅ ይዘው ይመጣሉ።

የኮምቦልቻ ልጆች ስል፣ የልብሱን ጭቅጭቅም ማንሣት አለብኝ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዋት ያለ ጋቢ አይወጣባትም። ኮምቦልቻ ከሥሯ ሞቃት ናት። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ስለ አየር የሚግባቡበት ቀን የለም። የደሴዎቹ ቲሸርቱ እጅጌው ይርዘም አሉ፤ የኮምቦልቻዎቹ ጨርሶ እጅጌ አይኑረው አሉ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጠው ባለ ጀልባው ነው፤ ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት ይለብሳል፣ ጃኬቱ ብርቱካናማ ነው፣ ቲሸርቱን ከነጽሑፉ ይሸፍነዋል። ቆሞ መጨፈርም ክልክል ነው አለ። ይህኛው ማንንም አላስደነገጠም። እስክስታ በትከሻ ነው፤ ወገብ ድረስ ላይፍ ጃኬት ያሰረች ሴትም አንገቷና ትከሻዋ እስካለ ድረስ ትመታዋለች። ሌላ አገር ተፈጥሮ እግር የሚያስነሣ ጭፈራ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ እዚያ ላይ ይሞት ነበር።

ወደ አሥሩ ሰው ልመለስ። ባለ ጀልባው ቆየት ብሎ ሲያብራራ አሥር ማለት ከእርሱና ከረዳቱ ጋር ነው። ስለዚህ ስምንት። ሙሽራዋ አንድ፣ ሚዜዎች አምስት፣ የአሜሪካዋ ሰባተኛ፣ እኔ ስምንተኛ። ሞላ። ይህን ዝርዝር ግሩፑ ላይ በለጠፍኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ስልኬ ጮኸ። የሙሽራው እህቶች ናቸው፤ አራት ናቸው። ሐረጎን ወጥተን፣ ደሴን አቋርጠን፣ ሐይቅ ድረስ የምንመጣው ዳር ቆመን እጅ ልናውለበልብ ነው ወይ አሉ። ዋርሳን ዳር ማቆም አይቻልም፤ ነገ ሙሽራዋ የምትኖረው ከእነርሱ ጋር ነው። እነርሱ ከመጡ የሙሽራዋ የአጎት ልጆች መቅረት የለባቸውም። የሰፈር ልጆች አብረዋት ያደጉ ናቸው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ብር አዋጥተዋል። እናት «እኔ ጀልባም አልወጣ፣ ዳር ሆኜ ቡና ላፍላላችሁ» አሉ። እናት ቡና ካፈሉ አክስቶች ይጠጣሉ። አክስቶች ካሉ ጥላ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ አንድ ድንኳን፣ ሠላሳ ወንበር፣ አንድ ቅጥቅጥና ሁለት ሚኒባስ ገባ። ወጥ ሠሪዋም ዓሣ ሲባል ቅር ብሏት «ሽሮም ቢሆን ይኑር» ብላ በራሷ ጊዜ ተጨመረች።

የአሜሪካዋ ልጅ ዝርዝሩን እያየች «ግን እኮ ሐሳቡ መጥፋት ነበር» አለች። እውነቷን ነው። አርባ ሰው አብሮ ከጠፋ ጠፋ አይባልም፤ ተዛወረ ነው የሚባለው።

ደግሞ የመጥፋቱ ሐሳብ ከእኛ ዘንድ ያልነበረ እንዳይመስላት ብዬ ስለ እንሶስላ ነገርኳት። የሙሽራዋ ሴት ጓደኞች ከሰርጓ በፊት አብረዋት ያመሻሉ፤ ለክርስቲያኗ እንሶስላ፣ ለሙስሊሟ ሂና ይወቀጣል፣ ይቦካል። የሙሽራዋ እጅና እግር ይቀባና በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። ቀለም እንዲይዝ ነው ይባላል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ሌላ ነው። እጇ የተጠቀለለ ሴት ማማሰያ አትይዝም፣ ሽንኩርት አትከትፍም፣ ሕፃን አቅፊልኝ አትባልም። እግሯ የታሰረ ሴት «እስቲ በሩን ክፈቺ» አትባልም። ውኃ እንኳ በሌላ ሰው እጅ ነው የምትጠጣው። የዚህ አገር ሴቶች ሙሽራን ከሥራ ለማስጣል ሰበብ ሲፈልጉ አስረው አገኙት። የፈረንጆቹ ሴቶች ደግሞ ባሕር መሐል አወጧት፤ እዚያ ማንም ማማሰያ አያቀብላትም። ልጅቷ ይሄን ስትሰማ ስልኳን አውጥታ ጻፈችው፤ አገሯ ስትመለስ ምን እንደምታደርግበት አላውቅም።

እናም አሁን ያለው ፕሮግራም ይህ ነው። ጀልባዋ በዙር ትሄዳለች። አንደኛው ዙር ሚዜዎች፣ ሁለተኛው ዋርሶች፣ ሦስተኛው የአጎት ልጆችና ሰፈር፣ አራተኛው መሥሪያ ቤት። አንዱ ዙር ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሙሽራዋ ሁሉም ዙር ላይ ፎቶ ስለምትፈለግ አትወርድም። ውሃ ላይ ራሷን የሚያዞራት ከሆነ ሎሚ ይያዛል። ነጩ መጋረጃ ለአንደኛው ዙር ይሰቀላል፤ ከዚያ ዲኮረኛዋ ለሌላ ሰርግ ስለምትፈልገው ይወርዳል። ሐይቁ ዳር ያሉት ልጆች ጀልባ በነፃ ነው የሚል ወሬ እንዳይሰሙ ዝም እንዲባል ተስማምተናል።

ትናንት ማታ ቀብዱን ልልክለት ለባለ ጀልባው ደወልኩ። የሰውን ብዛት ነገርኩት፤ አልተገረመም፤ እሱም የተሁለደሬ ሰው ነው። ሊዘጋ ሲል «ይቅርታ እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለ። «ባለቤቴ ሙሽራ ማየት ትወዳለች። ከእህቷና ከአማቴ ጋር ብትመጣ?»

አምስተኛው ዙር ብዬ ጻፍኳቸው።